የባቡሩ ውል
በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



እኛ የኦቶና ልጆች የባቡር ፉጨት ሰምተን አላደግንም። ሐዲዱ ወደ ወላይታ አልመጣምና። ስለ ባቡሩ ውል ልንናገር የወደድነው ከመካከላችን ሕግ ለመማር የሚያስቡ ስላሉ ነው።

ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ተወለዱ። በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ገብተው ምኒልክን በመሐንዲስነት፣ በኋላም በውጭ ጉዳይ አማካሪነት አገለገሉ። የሕግ ሰው ባይሆኑም የባቡሩን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለ99 ዓመት የተቀበሉ እርሳቸው ናቸው።

ነገር ግን የተቋቋመው ኩባንያ ገንዘብ ስላጠረው በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ሊቀበል ተስማምቶ ሐዲዱን በፈረንሳይ ቁጥጥር ሥር አደረገው። ዓፄ ምኒልክ አልተጠየቁም። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲመረቅ አልተገኙም፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታሊየን አዲስ ፈቃድ ተሰጠ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሙሴ ኢልግ ግን ከዚያ በፊት በ1908 ዓ.ም. በአገራቸው ሞተው ነበር።

እንግዲህ ምን እንማራለን? ሐዲድን የሚዘረጋው መሐንዲስ ነው፤ ባለቤቱን የሚወስነው ግን ውሉ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሚወርሰው ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው ግን ጽሑፉን ያነበበ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ወላጆቻችን የመሬት ወይም የብድር ወረቀት ሲቀርብላቸው፣ ጣታቸውን ቀለም ከመንካታቸው በፊት እስከ መጨረሻው መስመር እናንብብላቸው። የተማርነው ለዚህ ነውና።