ከልጆቻችን ጋር ያየናቸው ፊልሞች

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደ ወትሮው ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ሥራ ፍለጋ ሳይሆን፣ ዛሬ ስለ ፊልም እንድንናገር ተጠይቀናል። እኛ የፊልም ባለሙያዎች አይደለንም። እዚህ አሜሪካ ልጆች የምናሳድግ፣ በእረፍት ቀናችን ሲኒማ ቤት ይዘናቸው የምንሄድ፣ አንዳንዴም ከሥራ ደክመን ገብተን ሶፋው ላይ አጠገባቸው የምናንቀላፋ እናቶች ነን። ሆኖም በቅርብ ዓመታት ለልጆችና ለወጣቶች ከተሠሩት ፊልሞች አንዳንዶቹ እንቅልፋችንን አባረውታል። በቤታችን አፍ አውጥተን ለመናገር የሚከብደንን ነገር በግልጽ ያወሩታልና።

ከ"ተርኒንግ ሬድ" እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የፒክሳር የካርቱን ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሯ ዶሚ ሺ ናት። ቶሮንቶ የምትኖር ሜ የምትባል የ13 ዓመት ልጅ፣ የቻይናውያን ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ስሜቷ በገነፈለ ቁጥር ትልቅ ቀይ ፓንዳ ትሆናለች። እናቷ የወር አበባዋ የመጣ መስሏት ሞዴስ ይዛ ትምህርት ቤት ድረስ ስትሄድ፣ ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ይህ ለልጆች አይታይም ያሉ ወላጆች ነበሩ። እኛ አንስማማም። የመጀመሪያ የወር አበባችንን ማንም ሳይነግረን በፍርሃት ተደብቀን ያሳለፍን ብዙዎች ነን። ሴት ልጆቻችን እየሳቁ ቢሰሙት ይሻላል። ያልወደድነው፣ መጨረሻው አካባቢ እናትየዋ ግዙፍ ፓንዳ ሆና ስታዲየም የምታፈርስበትን ነው፤ ተጋንኗል። ከዚያ ቀጥሎ ግን ሜ እናቷን እንደ እሷው ልጅ እግር ሆና፣ የገዛ እናቷን ስለጎዳች ስታለቅስ ታገኛታለች። እኛም አንድ ጊዜ ልጆች እንደነበርን ለልጆቻችን ከዚህ የበለጠ ያሳየልን የለም።

በ2021 የወጣው "ኤንካንቶ" ታሪኩ ኮሎምቢያ ውስጥ ነው፤ በምርጥ የካርቱን ፊልምነት ኦስካር አግኝቷል። አያትየዋ አልማ ሦስት ጨቅላ ሕፃናት ይዛ ከግፍ ስትሸሽ ባሏን ያጣች ሴት ናት፤ ቤቷ እንዳይፈርስ ስትል በልጅ ልጆቿ ላይ ትከብዳለች። ከልጅ ልጆቿ አንዷ፣ ብርቱዋ ሉዊዛ፣ የመንደሩን ሸክም ሁሉ ትሸከማለች፤ እምቢ ማለት አታውቅም። ሉዊዛን እኛ በደንብ እናውቃታለን። በሁለት ፈረቃ እየሠራች እዚህ ቤት የምታስተዳድር፣ ወር ሲደርስ ደግሞ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የምትልክ፣ "ደከመኝ" ማለት የሚያሳፍራት ሴት ይህን አዳራሽ ሞልታዋለች። ቅሬታችን እርቁ መፍጠኑ ነው። የብዙ ዓመት ቅያሜ በአንድ መተቃቀፍ አያልቅም፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተመላልሶም አንዳንዴ አይሆንም።

የ2024ቱ "ኢንሳይድ አውት 2" የጠቀመን በሌላ በኩል ነው። 13 ዓመት በሞላት በራይሊ ጭንቅላት ውስጥ ጭንቀት፣ ሀፍረት፣ ቅናትና መሰላቸት በየስማቸው ይመጣሉ፤ ጭንቀትም ሌሎቹን አባርራ መሪውን ትይዛለች። "ውሎሽ እንዴት ነበር?" ስንላት "ደህና" ብላ በሯን ለምትዘጋ ልጅ፣ "ዛሬ መሪውን የያዘችው ማናት?" ማለት ይቀላል። ከእኛ መካከል ሞክረው መልስ ያገኙ አሉ።

ከፍ ላሉት ወጣቶች የሚሠሩት ፊልሞች ይከብዳሉ። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" እንላለን፤ በ2012ቱ "ሃንገር ጌምስ" ግን እናትየዋ በባሏ ሞት ደንዝዛ ስትቀመጥ፣ አድና ቤተሰቡን የምትመግበው ልጅቷ ናት። ልጆች እርስ በርስ የሚገዳደሉበት ፊልም ስለሆነ ለትንንሾቹ አንመክረውም።

"ዘ ሄት ዩ ጊቭ" የተባለውን የ2018 ፊልም ግን ወጣት ልጅ ያለን ሁሉ አብረናቸው እንየው እንላለን። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባት፣ ፖሊስ መኪና ቢያስቆም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ትንንሽ ልጆቹን ሲያስተምር ይጀምራል። በኋላ ልጁ ስታር የልጅነት ጓደኛዋ በፖሊስ ሲገደል በዓይኗ ታያለች። ስታር በትምህርት ቤት አንድ፣ በሰፈሯ ሌላ ሰው ሆና ነው የምትኖረው። የእኛዎቹ ሦስተኛም አላቸው፤ በአማርኛ የሚኖሩት። እኛ ራሳችንን "ሐበሻ" ብንል፣ መንገድ ላይ የሚያስቆማቸው ፖሊስ የሚያየው ጥቁር ወጣት ነው። ያንን ትምህርት እኛም በቤታችን፣ በቋንቋችን መስጠት አለብን። ፊልሙ ወሬውን መጀመሪያ ይሆነናል።

ስለዚህ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቶችና ልጆች በአዳራሻችን አንድ ፊልም አብረን እንድናይ ሐሳብ እናቀርባለን። ጽሑፉ ከሥር ይበራል፤ ያመለጠንን ልጆቹ ይተረጉሙልናል። ሲያልቅ ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ወሬው ይቀጥላል። ፊልም በአደባባይ ለማሳየት ፈቃድ መክፈል ስለሚያስፈልግ፣ ደጋፊዎቻችን በዚህ በኩል እንድታግዙን እንጠይቃለን። ቡናውን በተራ የምታፈሉ እኅቶች፣ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡልን።