ነሐስ፣ ብር ወይስ ወርቅ? በባዕድ አገር የጤና መድን ስለ መምረጥ



በየዓመቱ ከመካከላችን ጥቂቶች ለትምህርት ወይም ለምርምር ወደ አሜሪካ ይሻገራሉ። ከመሄዳቸው በፊት ስለ ቪዛና ስለ ቤት ኪራይ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ስለ ጤና መድን ግን የሚጠይቁት ከደረሱ፣ አንዳንዴም ከታመሙ በኋላ ነው።

ዕድርን ለምናውቅ ሰዎች የመድን ፅንሰ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት በአሜሪካ ለግለሰቦች የሚሸጡት ዕቅዶች በአብዛኛው ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ተብለው በደረጃ ይከፈላሉ። ስያሜው የሐኪሙን ችሎታ ወይም የሆስፒታሉን ጥራት አያመለክትም፤ የወጪ ክፍፍልን እንጂ። መድን ሰጪው የሚሸፍነው የሕክምና ወጪ በአማካይ በነሐስ 60፣ በብር 70፣ በወርቅ 80፣ በፕላቲነም 90 በመቶ ገደማ ነው። ይህም የብዙኃን አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ታካሚ ድርሻ አይደለም።

ለማስረዳት ያህል ሁለት ዕቅዶችን እናስብ። የነሐሱ ወርኃዊ አረቦን 300 ዶላር፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ራሱ የሚሸፍነው መነሻ ወጪ 7,000፣ የዓመቱ የወጪ ጣሪያ 9,000 ይሁን። የወርቁ ደግሞ በቅደም ተከተል 500፣ 1,500 እና 6,000 ይሁን፤ ከመነሻው በላይ ታካሚው 20 በመቶ ይክፈል። ዓመቱን በጤና ያሳለፈ ሰው በነሐስ 2,400 ዶላር ያተርፋል። የ7,000 ዶላር ሕክምና ያስፈለገው ግን አረቦኑን ጨምሮ በነሐስ 10,600፣ በወርቅ 8,600 ያወጣል። 50,000 የሚያስወጣ ከባድ ሕመም ቢደርስ ሁለቱም ጣሪያቸውን ይነካሉ፤ ድምሩ 12,600 እና 12,000 ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ስሌት ወርቅ ከሁሉ አብልጦ የሚጠቅመው ድንገተኛ አደጋን ለሚፈራው ሳይሆን የዘወትር ክትትል ለሚያሻው፣ ለምሳሌ ለስኳር ሕመምተኛው ነው።

ስሌቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ለአዲስ መጤ ወሳኙ ጥያቄ፣ «ነገ 7,000 ዶላር ብጠየቅ ከወዴት አመጣለሁ?» የሚለው ነው። ዘመድ በሌለበት አገር ርካሽ አረቦን የሕክምና ቀጠሮን ወደ ማራዘም ሊገፋፋ ይችላል። ሐኪሙ በዕቅዱ መረብ ውስጥ መኖሩንም አስቀድሞ ማጣራት ይገባል፤ ከመረቡ ውጭ የሚወጣ ገንዘብ በአብዛኛው ወደ ጣሪያው አይቆጠርም።

በጄ-1 ቪዛ ለሚሄዱ ምሁራን ደግሞ ምርጫው ከኪስ አስቀድሞ የደንብ ጉዳይ ነው። ደንቡ ለእያንዳንዱ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ የ100,000 ዶላር ሽፋን ይጠይቃል፤ መነሻ ወጪውም ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ይወስናል። በምሳሌያችን ያለው ነሐስ ብቻ ሳይሆን ወርቁም ይህን አያሟላም። በተጨማሪ ለሕክምና ወደ አገር ለመመለስ 50,000፣ አስከሬን ለመሸኘት 25,000 ዶላር ሽፋን ያስፈልጋል። ግዴታው አብረው የሚሄዱትን የትዳር ጓደኛና ልጆችም ይመለከታል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ አስቀድማችሁ ደንቡን አንብቡ፣ ቀጥሎ የራሳችሁን የጤና ታሪክ በሐቅ መርምሩ፣ ከዚያም የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ደምሩ። የብረቱን ስም በመጨረሻ ተመልከቱት።