የሰውነት ምልክትና የመለኪያ ንባብ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ማንኛውም መለኪያ ከታወቀ ልክ ጋር በየጊዜው ካልተመሳከረ ንባቡ እንደማይታመን ለመሐንዲስ የተሰወረ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ ሰውነትም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደሙ ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲወርድ ብዙውን ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ልቡ በኃይል ይመታል፤ ይርበዋል። ይበልጥ ሲወርድ ሐሳቡ ይደናገራል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል። ይሁን እንጂ ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ላቡ ከሙቀት፣ የልቡም ምት ከድንጋጤ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በዩናይትድ ስቴትስ፣ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዳንኤል ኮክስ፣ ሊንዳ ጎንደር-ፍሬድሪክና ዊልያም ክላርክ ይህን ችግር አጥንተው ለሕመምተኞች የሚሰጥ ሥልጠና አዘጋጅተዋል። የሥልጠናው መሠረት ቀላል ነው። ሕመምተኛው በመጀመሪያ የሚሰማውን ስሜት ይመዘግባል፤ የበላውን ምግብ፣ የወሰደውን ኢንሱሊንና የሠራውን ሥራ ያገናዝባል፤ ከዚያም የደሙን ስኳር ገምቶ ይጽፋል፤ በመጨረሻ ይለካል። ግምቱና ልኩ ጎን ለጎን ሲታዩ የትኛው ምልክት እውነተኛ፣ የትኛው አሳሳች እንደሆነ ቀስ በቀስ ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ክላርክና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ባለአምስት ክልል ሠንጠረዥ ስሕተትን የሚመዝነው በሚያስከትለው ውሳኔ ነው። 300 የሆነውን 230 ብሎ የገመተና 50 የሆነውን 120 ብሎ የገመተ ሁለቱም በ70 ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ስኳሩ ከፍ ማለቱን ስላወቀ ስሕተቱ እምብዛም አይጎዳውም፤ ሁለተኛው ግን ደኅና ነኝ ብሎ መኪና ያሽከረክራል፤ ወይም በግንባታ ሥፍራ ከፍታ ላይ ይወጣል።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው የአድሬናሊን ምላሹ እየደከመ ስለሚሄድ ማስጠንቀቂያው ይጠፋበታል። ሆኖም መውረዱ ለጥቂት ሳምንታት በጥንቃቄ ከተወገደ ምልክቱ ሊመለስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

እንግዲህ ግምት መለኪያን አይተካም፤ ያለማቋረጥ የሚያነቡ መሣሪያዎች በተገኙበት በዛሬው ዘመንም መለካት የሚቻል ሰው ይለካ። መለኪያ በእጁ የሌለ ሰው ግን ምልክቱ ሲሰማው ሥራውን አቁሞ 15 ግራም ያህል ስኳር ወዲያው ይውሰድ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሁኔታውን እንደገና ይመርምር። የሥራ ኃላፊም ይህን ዕረፍት እንደ ስንፍና ሳይሆን እንደ ደኅንነት ደንብ ሊቆጥረው ይገባል።