በሥራ ላይ ላለ ቨርቹዋል ማሽን ሜሞሪ ስለ መጨመርና ስለ መመለስ



በመንዝ ደጋ ላይ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። የአካባቢው ሰው በቆየ ሥርዓቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ዘግቶ ያቆየው ነበር፤ ሲከፈትም ለግጦሽና ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ይገኝበታል። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ኅብረተሰቡ ኋላ በሌላ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ነገሩ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ሩቅ ይመስላል። ሆኖም ለቨርቹዋል ማሽኖች ሜሞሪ በራሱ የሚያድል ሥርዓት ለመሥራት የተነሣ መሐንዲስም የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የጋራው መጠባበቂያ መቼ ይከፈት? መቼስ ይዘጋ?

መስጠቱ ቀላል ነው። 64 ጊጋባይት ባለው ሰርቨር ላይ አራት ማሽኖች እያንዳንዳቸው በ8 ጊጋባይት ቢነሡ፣ ግማሹ ያህል በመጠባበቂያ ይቀራል። የአንዱ ሥራ ሲበዛ ሳይጠፋ ይጨመርለታል፤ የሊኑክስ ከርነልም ተቀብሎ ሥራ ላይ ያውለዋል። ጣሪያው ግን ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት መወሰን አለበት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መለኪያው ላይ ነው። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ሜሞሪ ሲያገኝ ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች ያስቀምጥበታል። ስለዚህ ባዶውን ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም ያልተራበውን ማሽን ተርቧል ብሎ ይመግባል። መታየት ያለበት ቢፈለግ ሊገኝ የሚችለው መጠን ነው፤ ይህንም ግምት ከርነሉ ራሱ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጣል።

መመለሱ ግን ከባድ ነው። የቪኤምዌር ባለሙያ የነበረው ካርል ዋልድስፐርገር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ፊኛ የተባለውን ዘዴ አብራርቷል፤ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም እንደ ፊኛ እየተነፋ ሜሞሪ ይይዛል፣ የያዘውም ለሰርቨሩ ይመለሳል። የተጨመረውን ክፍል እንዳለ ለመንቀል ሲሞከር ደግሞ ከርነሉ ለራሱ የያዛቸው ገጾች ከቦታቸው አይነሡም። በ2020 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ 5.8 ጋር የመጣው ቪርቲዮ ሜም በትናንሽ ክፍልፋዮች እየጨመረና እየቀነሰ ችግሩን አቃለለው እንጂ አላጠፋውም።

ከሁሉ የሚያሠጋው የወሰደውን የማይመልስ እንከነኛ ፕሮግራም ነው። ሥርዓቱ ይጨምርለታል፤ እርሱም ይበላል፤ መጠባበቂያውም ያልቃል። በዚያው ሰርቨር ላይ የሆስፒታል መዝገብ የያዘ ጤነኛ ማሽን በጭንቁ ሰዓት የሚደርስለት አያገኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን ጣሪያ ይበጅለት፤ በአንዱ ጭማሪና በሌላው መካከልም ፋታ ይኑር። ጣሪያው በተነካ ጊዜ ሥርዓቱ መጨመሩን ትቶ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ተረኛውን ባለሙያ ይቀስቅስ።