ለድኻው ቤት የሠራ እምነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በየሰንበቱ የሚጠብቀን ድኻ አለ። ሳንቲም ሰጥተነው እናልፋለን፤ በሚመጣውም ሰንበት በዚያው ስፍራ እናገኘዋለን። በመካከል ባሉት ስድስት ቀኖች የት እንዳደረ፣ ሲታመምም ማን እንዳስታመመው ጠይቀን እናውቃለንን?

ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ሳሉ፣ በዕለት ምግብ አከፋፈል አንዳንድ ባልቴቶች ቸል በተባሉ ጊዜ፣ ነገሩን አቃልለው አላዩትም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ ጸልየው፣ እጃቸውንም ጭነው ሾሙበት እንጂ። እንግዲህ ድኻን በሥርዓትና በኃላፊነት መርዳት ከቤተ ክርስቲያን ጋር አብሮ የተወለደ አገልግሎት ነው።

ለዚህም ጠላት እንኳ መስክሯል። ከ361 እስከ 363 ዓ.ም. የነገሠው ከሐዲው ዑልያኖስ፣ ክርስቲያኖች ከራሳቸው ድኾች አልፈው የአሕዛብንም ድኾች እንደሚመግቡ፣ ይህም ለእርሱ ወገኖች ኀፍረት እንደ ሆነ ለጣዖቱ ካህን ጽፎ ነበር።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ በቀጰዶቅያ ብርቱ ረኀብ ሆነ። ቅዱስ ባስልዮስም ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ እየገሠጸ የተራቡትን መገበ። በ370 ዓ.ም. የቂሳርያ ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ የሕሙማን መታከሚያና የእንግዶች ማረፊያ አሠራ፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎችም አቆመበት። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ለምጻሞች እርሱ ራሱ ያቅፋቸው ነበር። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ያን ስፍራ አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ ፈለግ በመከተል እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1972 የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቁማለች፤ ኮሚሽኑም በልማት ሥራና ስደተኞችን በመርዳት ሲያገለግል ቆይቷል።

ምናልባት «ይህ የመንግሥት ተግባር አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አዎን፤ ሕዝብን መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ግዴታ ልታስቀርለት አይገባትም። ይሁን እንጂ የመንግሥት ግዴታ የእኛን ፍቅር አይተካም። ሐኪም ቤት ቢሠራ፣ በሽተኛውን ከተኛበት አንሥቶ እስከ በሩ የሚያደርሰው ጎረቤት ያስፈልጋል።

ነገር ግን ይህ አገልግሎት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። በመጀመሪያ፣ የተራበውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብለን ሳንጠይቅ እናብላው፤ ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው አልጠየቀውምና። ሁለተኛ፣ እንጀራን የእምነት መግዣ አናድርገው። ሦስተኛ፣ ለድኾች የተሰበሰበው ገንዘብ እያንዳንዱ ሳንቲም ሒሳቡ በግልጽ ይታይ፤ የድኻን ገንዘብ መደበቅ ከመሠዊያ እንደ መስረቅ ነውና።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ ሆይ፤ በሚመጣው ሰንበት ሳንቲሙን ስንሰጥ ስሙንም እንጠይቀው። በየአጥቢያችንም የታመመውን ወደ ሐኪም የሚያደርሱ፣ መጠለያ የሌለውን የሚያስጠጉ ታማኝ ሰዎችን እንምረጥ። ያን ጊዜ ድኻው ከደጃችን ተነሥቶ ከእኛ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል።

ቸሩ አምላካችን ለዚህ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።