በር የሌለው እንግዳ መቀበያ

ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከመኖሪያ ቤት ሆኖ በስልክና በኮምፒዩተር አማካይነት ስለሚከናወን የእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ነው። ይህ አሠራር ለአንዳንዶቻችን የሙያው ማብቂያ፣ ለሌሎቻችን ደግሞ ከታክሲ ሰልፍ የሚገላግል እፎይታ መስሎ ይታያል። በበኩሌ ሊያነጋግረን የሚገባው ሥራው የሚሠራበት ስፍራ ሳይሆን ሥራው የሚሠራበት ውል ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ለማስረዳት በቅድሚያ የሥራውን አካሄድ በአጭሩ ልግለጽ።

አሠራሩ በተስፋፋባቸው በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር፣ አንድ ጠበቃ፣ ሐኪም ወይም የቧንቧ ሠራተኛ የራሱን እንግዳ ተቀባይ ለመቅጠር አቅሙ ሳይፈቅድለት ሲቀር፣ ወደ ቢሮው የሚመጣው ጥሪ ይህን አገልግሎት ወደሚሰጥ ድርጅት እንዲተላለፍ ያደርጋል። ጥሪው በኢንተርኔት መስመር ቤቷ ወደተቀመጠችው ሠራተኛ ይደርሳል። በዚያችው ቅጽበት የተደወለለት ድርጅት ስም፣ የሰላምታው ቃልና የባለቤቱ መመሪያ በኮምፒዩተሯ ገጽ ላይ ይታያል። እርስዋም በድርጅቱ ስም ሰላምታ ትሰጣለች፤ ቀጠሮ ትይዛለች፤ መልእክት ትቀበላለች፤ ወይም ጥሪውን ለባለጉዳዩ ታስተላልፋለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ የሌላ ድርጅት ድምፅ ትሆናለች።

ደዋዩን ሳያዩ የማስተናገድ ሙያ ግን ትናንት የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤማ ነት በቦስተን ከተማ በስልክ ማዞሪያ ላይ ስትቀጠር በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር ሆነች። ከእርስዋ በፊት በሥራው ላይ የነበሩት ወጣት ወንዶች በአነጋገራቸው ሻካራነት ቅሬታ አስነሥተው ነበርና፣ ትሕትና ያለው ድምፅ የሙያው ዋና መሣሪያ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ።

ትሕትና ብቻውን ግን አይበቃም። በካንሳስ ሲቲ የቀብር አገልግሎት ይሰጥ የነበረው አልመን ስትሮውጀር፣ ያለ ኦፕሬተር ጥሪ ለሚያገናኝ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት አገኘ። ለዚህ ያነሣሣው፣ እንደሚተረከው፣ ኦፕሬተሯ ደንበኞቹን ወደ ተፎካካሪው ታገናኝብኛለች የሚል ጥርጣሬ ነበር። ጥርጣሬው ልክ ይሁንም አይሁን ለእኛ ትምህርት አለው፤ ሰው በታማኝነቱ ሲጠረጠር ቦታውን ማሽን ለመውሰድ ይቀርባል። ዛሬም ራሳቸው እየተናገሩ ስልክ የሚመልሱ መሣሪያዎች ገበያ ላይ ውለዋል። እኛ ከእነርሱ የምንበልጠው በፍጥነት ሳይሆን በማስተዋልና በምስጢር ጠባቂነት ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በሳሎን ውስጥ በድምፅ የተደገመ የበሽተኛ ስም ተመልሶ አይገባም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጤና መረጃ ጥበቃን የሚመለከት ሕግ፣ ለሐኪም ስልክ የሚቀበለውን ድርጅት ጭምር በኃላፊነት ይይዛል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለሆነም በር የሚዘጋ ክፍልና የጆሮ ማዳመጫ የቅንጦት ዕቃዎች ሳይሆኑ የሥራው ግዴታዎች ናቸው።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ የዚያን ክፍል ዋጋ ማን ይክፈል? አሠሪው የቢሮ ኪራይ፣ የወንበርና የመብራት ወጪ ሲቀርለት፣ ወጪው አልጠፋም፤ ወደ ሠራተኛዋ ቤት ተዛወረ እንጂ። ክፍያው በተነጋገረችባቸው ደቂቃዎች ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ፣ ጥሪ ስትጠብቅ፣ ልጇን ዝም ስታሰኝ፣ ከወንበሯ ሳትነሣ የምታሳልፈው ሰዓት በነፃ የተወሰደ ጉልበት ነው። ከአዲስ አበባ ሆና ለኒው ዮርክ ቢሮ ለምትሠራ ሠራተኛ፣ በዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ያለው የሥራ ቀን፣ በእነርሱ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ውሉ ይህን እንደ ማታና እንደ ሌሊት ሥራ ካልቆጠረው የቤተሰቡ ማዕድ የሚከፍለው ዕዳ ይሆናል።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ ዝም አላለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የቤት ሥራ ስምምነት ቁጥር 177፣ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ከሌሎች ደመወዝተኞች ጋር በእኩል እንዲታዩ ያሳስባል። የእኛም አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሥራ ውልን ያውቃል። ይሁንና አዋጁ በዚህ ውል ሠራተኛ የሚለው አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረው የሚሠራውን ሰው ነው። በሩቅ ያለችው እንግዳ ተቀባይ ግን ስልክ ያነሣችበት ሴኮንድ የሚቆጠርባት፣ ንግግርዋ የሚቀዳባት፣ ከወንበር የተነሣችበት ጊዜ የሚመዘገብባት ናት። አካሏ በቤቷ ቢሆንም ከቢሮ ሠራተኛ ይልቅ በቅርብ ትታያለች። እንግዲህ ቤት መዋሏ ብቻ ከመደበኛ ሠራተኛ መብት ሊያወጣት አይገባም።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እንዲይዝ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመጠባበቂያ ሰዓት፣ የሌሊት ሥራ፣ የመብራትና የመስመር ወጪ በግልጽ የሚጻፍበት የውል አርአያ በሕግ ዐዋቂዎች ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ የምስጢር አጠባበቅ ሥልጠና ለአባላት ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ደዋዩን አለማታለል የሥነ ምግባራችን አካል ይሁን፤ በሩቅ ያለች ሠራተኛ «ሥራ አስኪያጁ አሁን ከፊቴ ወጡ» ብላ እንድትዋሽ የሚያዝዝ መመሪያ ሲመጣባት፣ «መልእክትዎን አደርሳለሁ» የማለት መብቷ ይከበርላት።

እንግዳን በክብር መቀበል በባህላችን የቤት ባለቤት ወግ ነው። ይህን ወግ ለሌላው በደመወዝ የምትፈጽም ሰው፣ በገዛ ቤቷ ክብሯ እንዲጠበቅ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።