ጥያቄውም የሙከራው አካል ነው



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለጊዜው ጠባብ ሊመስል ይችላል። አጫጭር ቃናዎች ተከታትለው ሲመጡ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚሰማቸው፣ ይህንንም ለማወቅ የማዳመጥ ሙከራ እንዴት እንደሚነደፍ ነው የምናገረው። ይሁንና ንግግርም ሆነ ዜማ የሚደርሰን በዚሁ መንገድ ነው። አንዱ ድምፅ ሲያልፍ ሌላው ይተካል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ አእምሯችን በቅጽበት ይወስናል። ይህን ውሳኔ ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግብ መሣሪያ እንኳ ትርጉም የሚያገኘው አዳማጩ ከሰጠው መልስ ጋር ሲመሳከር ነው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ሰውየውን መጠየቅ አይቀርም። እኔ የምለው ይህንኑ ነው፦ ጥያቄው ራሱ ከድምፁ እኩል የሙከራው አካል ነው፤ ድምፁን ለማዘጋጀት ወራት ፈጅተን ጥያቄውን በአንድ ማታ የምንጽፍ ከሆነ ሙከራው ገና ከመነሻው ተበላሽቷል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ቃናዎች እንውሰድ። ወፍራሙን «ሀ»፣ ቀጭኑን «ለ» እንበላቸው። እያንዳንዱ ቃና 60 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ በቃናና በቃና መካከልም ያንኑ ያህል ባዶ ጊዜ አለ። አሰላለፉ «ሀ፣ ለ፣ ሀ» ነው፤ ከዚያ የአንድ ቃና ቦታ ይዘለልና እንደገና «ሀ፣ ለ፣ ሀ» ይላል። «ሀ» 400 ኸርዝ፣ «ለ» ደግሞ 424 ኸርዝ ገደማ ቢሆኑ፣ ማለትም ሙዚቀኞች ሴሚቶን በሚሉት ርቀት ቢለያዩ፣ የሚሰማን ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ኮቴን የመሰለ ምት ነው። አሁን «ሀ»ን ሳንነካ «ለ»ን ወደ 800 ኸርዝ ከፍ እናድርገው። የቃናዎቹ ተራ አልተለወጠም፤ ጊዜያቸውም ያው ነው። ግልቢያው ግን ጥቂት ሰከንዶች ሳይቆይ ይጠፋል። በምትኩ ሁለት የማይገናኙ የድምፅ መስመሮች ይሰማሉ፤ አንዱ ወፍራምና ፈጠን ያለ፣ ሌላው ቀጭንና ዘገም ያለ። ግልቢያውን ለመስማት ብንታገልም እሺ አይለንም።

ሁለት የሚፈራረቁ ቃናዎች በሰከንድ 10 ያህል እየሆኑ ሲመጡ በድግግሞሻቸው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ገደማ ሲያልፍ እንደሚለያዩ ሚለርና ሄይስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 አሳይተው ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ኔዘርላንዳዊው ሊዮን ቫን ኖርደን በአይንድሆቨን ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ነገሩን ከሥሩ አየው። ቫን ኖርደን ያደረገው ትልቁ ነገር አዲስ ድምፅ መፍጠር አልነበረም፤ አዲስ ጥያቄ መጠየቅ ነበር። ያንኑ የቃናዎች ተከታታይ እያሰማ አንድ ጊዜ «በተቻለህ መጠን እንደ አንድ መስመር ለመስማት ሞክር» አለ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «በተቻለህ መጠን ሁለት መስመር አድርገህ ለመስማት ሞክር» አለ። በሁለቱ ትእዛዞች የተገኘው ወሰን አንድ ሆኖ አልተገኘም። አንድ አድርጎ መስማት የማይቻልበት ወሰን ከፍጥነት ጋር በጣም ይለዋወጣል፤ ቃናዎቹ ሲዘገዩ ሰፊ ርቀትን ይታገሣል፣ ሲፈጥኑ ይጠብባል። ሁለት አድርጎ መስማት የማይቻልበት ወሰን ግን ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ቃናዎቹ ቢፈጥኑም ቢዘገዩም እምብዛም አይነቃነቅም። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ደግሞ ሰፊ መስክ አለ፤ እዚያ ውስጥ የሚወስነው የአዳማጩ ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ተመራማሪ ቃናዎቹን ከዚያ መካከለኛ መስክ መርጦ «አንድ ሰማህ ወይስ ሁለት?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ስለ ምን ይነግረዋል? ስለ ጆሮ ላይሆን ይችላል። መመሪያው ውስጥ ስለገባ አንድ ቃል፣ ወይም አዳማጩ ከሱ ምን እንደሚጠበቅ ስለገመተው ነገር ሊሆን ይችላል። ሌላም ችግር አለ። መለያየቱ ወዲያው አይመጣም፤ ቅደም ተከተሉ እየተደጋገመ ሲሄድ ለሁለት የመከፈሉ ዝንባሌ እየጎለበተ እንደሚሄድ አንስቲስና ሳይዳ እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትመዋል። ረዘም አድርገን ካሰማን ደግሞ አንዱ ወደ ሁለት፣ ሁለቱ ወደ አንድ እየተመላለሰ ይገለባበጣል። እንግዲህ ለአምስት ሰከንድ ያዳመጠና ለአንድ ደቂቃ ያዳመጠ ሰው አንድ ጥያቄ አልተጠየቁም፤ የጥያቄው ቃል አንድ ቢሆንም። ከመልስ በኋላ በቂ ዝምታ ካልተሰጠም ያለፈው ዙር ውጤት ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

መፍትሔው ምንድን ነው? በእኔ እምነት ዋናው መፍትሔ «ምን ተሰማህ?» ማለትን ትተን፣ አሰማሙ በአንድ መንገድ ከሆነ ብቻ ሊሠራ የሚችል ሥራ ለአዳማጩ መስጠት ነው። አልበርት ብሬግማንና ጄፍሪ ካምቤል በሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጡት ሙከራ ለዚህ አርአያ ነው። ሦስት ቀጭንና ሦስት ወፍራም ቃናዎችን እያፈራረቁ በፍጥነት ያሰማሉ፤ እያንዳንዱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ከዚያ የተወሰኑ ቃናዎች በምን ቅደም ተከተል እንደመጡ ይጠይቃሉ። የተጠየቁት ቃናዎች ሁሉም ቀጭን ወይም ሁሉም ወፍራም ከሆኑ ሰው ተራቸውን ይለያል። ከቀጭኑም ከወፍራሙም የተውጣጡ ከሆኑ ግን ይጠፋበታል። «ሁለት መስመር ሰማሁ» የሚል ቃል ከአዳማጩ አፍ ሳይወጣ፣ ሁለት መስመር መስማቱን ስህተቱ ራሱ መሰከረ።

በ«ሀ፣ ለ፣ ሀ» ምሳሌያችን ላይም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። አንዱን ዙር በቅርበት እንየው። አዳማጩ ጸጥ ባለ ክፍል ሄድፎን አድርጎ ተቀምጧል። ሁለት ተከታታዮች ይሰማል፤ በአንደኛው «ለ» በሁለቱ «ሀ»ዎች መካከል በትክክል ተቀምጣለች፤ በሌላኛው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ዘግይታ ትመጣለች። ሥራው ምቱ የተዛባው የትኛው እንደሆነ፣ አንደኛው ወይስ ሁለተኛው፣ መጠቆም ብቻ ነው። ግልቢያውን የሚሰማ ከሆነ ትንሿ መዘግየት ወዲያው ታደናቅፈዋለች። «ሀ» እና «ለ» በጆሮው ተለያይተው ከሆነ ግን አንዱን ከሌላው ጋር የሚያነጻጽርበት ስለሌለው መዘግየቷ ሰፋ ማለት አለባት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ በትክክል ሲመልስ መዘግየቷን እናሳንሳለን፤ አንዴ ሲሳሳት እናሰፋታለን። ሃሪ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዳው ይህ ዘዴ አዳማጩ ከ100 ሙከራ 71 ያህሉን በትክክል ወደሚመልስበት ነጥብ ይወስደናል። መልሱ ትክክል ወይም ስህተት ነው፤ ተመራማሪውን ለማስደሰት የሚሰጥ መልስ የለም።

ጠንቀቅ ያላችሁ አንድ ነገር ትጠይቁኝ ይሆናል። በዚህ ሥራ አንድ አድርጎ የሰማ ይጠቀማል፤ ስለዚህ አዳማጩ ሁሉ ግልቢያውን ለመያዝ ይጥራል። እውነት ነው። ስለሆነም ለይቶ የሰማ የሚጠቀምበት ሌላ ሥራ ከጎኑ መኖር አለበት። ዳውሊንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት የታወቁ ዜማዎችን አንድ ቃና ከዚህ፣ አንድ ቃና ከዚያ እያለ አጠላልፎ አሰማ። ዜማዎቹ በአንድ የድምፅ ክልል ውስጥ ሲሆኑ ማንነታቸው አይለይም፤ አንዱ ከፍ ሲደረግ ሁለቱም ይወጣሉ። የዜማው ስም አስቀድሞ ለተነገረው ሰው ግን ተጠላልፈውም ሳለ ፈልጎ ማግኘት ይቻለዋል። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲሠሩ የቫን ኖርደንን ሁለት ትእዛዞች ይተካሉ፤ በተጨማሪም የሚታረም መልስ ይሰጡናል።

አመላለሱም ቢሆን ውጤቱን ይለውጣል። ሪቻርድ ዋረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 አራት የማይመሳሰሉ ድምፆችን፣ እያንዳንዳቸውን 200 ሚሊ ሰከንድ አድርገው፣ በክብ እየደጋገሙ አሰሙ። ሰዎች እያንዳንዱን ድምፅ ለይተው ያውቁታል፤ ተራቸውን ግን መናገር አቃታቸው። በቃል ከመናገር ይልቅ የድምፆቹን ስም የያዙ ካርዶች እንዲደረድሩ ሲደረግ ግን ውጤታቸው ተሻሻለ። ጆሮው ያው ጆሮ፣ ድምፁ ያው ድምፅ ነው። አንደበት የድምፁን ፍጥነት መከተል ስላቃተው «ጆሮ አይችልም» ብለን ብንደመድም ኖሮ ፍርዳችን የተሳሳተ ይሆን ነበር።

ስለ ድምፅ ዝግጅት አጠር አድርጌ ልለፍ። ቃና በድንገት ሲጀምርና ሲቋረጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ስለሚያመጣ መግቢያና መውጫውን ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ማለስለስ ያስፈልጋል። እኩል ጉልበት ያላቸው ወፍራምና ቀጭን ቃናዎች ለጆሮ እኩል ስለማይጎሉ ማመጣጠን ይገባል፤ አለበለዚያ ሰው በቅጥነት ሳይሆን በጉልህነት ሊለያቸው ይችላል። የዙሮቹ ቅደም ተከተል በዕጣ ይሁን። ለተሳታፊው የምንፈልገውን በረጅም ማብራሪያ ከመንገር በልምምድ ዙሮች ማሰማት ይሻላል። ድምፁ ጆሮ የማይጎዳ መሆኑን፣ ሰውየውም በፈለገ ጊዜ ማቆም እንደሚችል ማረጋገጥ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ግዴታ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ጌርሃርድ ኩቢክ በኡጋንዳ ከሚገኘው ከቡጋንዳ የእንጨት ዛይሎፎን፣ ከአማዲንዳ፣ ያገኘውን ነገር በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጽፏል። ሁለት ተጫዋቾች እየተቀባበሉ በፍጥነት ይመታሉ፤ ለአድማጭ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም ያልተጫወቱት ዜማ ይሰማል። ሦስተኛው ተጫዋች ወፍራም ድምፅ ባላቸው ሁለት እንጨቶች ላይ የሚወለደውን ዜማ በጆሮው ይይዝና ቀጭን ድምፅ ባላቸው ሁለት እንጨቶች ላይ ይደግመዋል። ብሬግማንና ቫን ኖርደን በቤተ ሙከራ ያጠኑትን ነገር የቡጋንዳ ሙዚቀኞች የጥበባቸው መሠረት አድርገውት ኖረዋል።

እኛም ዘንድ እምቢልታ አለ። የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ ብቻውን የሚያወጣው ጥቂት ቃና ነው፤ ዜማው የሚወለደው ነፊዎቹ ሲቀባበሉ ነው። በደራሼ የፊላ ጨዋታም እንዲሁ ብዙ ነፊዎች ድርሻ ድርሻቸውን አዋጥተው አንድ ዜማ ያቆማሉ። ታዲያ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊላ ሲነፋ ያደገ ሰው የተበተኑ ቃናዎችን አንድ አድርጎ የሚሰማበት ወሰን አይንድሆቨን ላይ ከተለካው ጋር አንድ ነው? ነፊው ራሱና ዳር ቆሞ የሚያዳምጠው አንድ ዓይነት ነገር ይሰማሉ? እነዚህ ጥያቄዎች ሊለኩ የሚችሉ ናቸው፤ ጥያቄ ሆነው መቅረትም የለባቸውም። የጆሮ ሕግ ተብሎ በመጻሕፍት የሰፈረው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ አዳማጮች ነው። ጆሽ ማክደርሞትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የቦሊቪያ ጫካ ነዋሪዎች የሆኑት ጺማኔዎች፣ የምዕራቡ አድማጭ «ተስማሚ» እና «የማይስማማ» ብሎ የሚለያቸውን የቃና ጥምረቶች እኩል ወደዷቸው። ለሁሉም ሰው የተፈጥሮ ነው ተብሎ ሲታመን የኖረው ነገር ለሁሉም ሆኖ አልተገኘም።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕ፣ በጥንቃቄ የተለካ ሄድፎንና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል። የሚከብደው የጥያቄው ነደፋ ነው። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ያደገ አዳማጭ ከያዝን የምናጠላልፋቸው ዜማዎች እሱ የሚያውቃቸው መሆን አለባቸው፤ የውጭ የሕፃናት ዜማ ሰጥተነው አለማወቁን የጆሮ ድክመት ብለን ብንመዘግብ በደል ነው። መልሱም ማንበብና መጻፍ የማይጠይቅ፣ በእጅ ምት ወይም በመጠቆም የሚሰጥ ይሁን።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ የሥነ ልቦና፣ የፊዚክስና የሙዚቃ ተማሪዎች የማቀርበው ጥሪ ይህ ነው። አንድ የእምቢልታ ቡድን ፈልጉ፤ እያንዳንዱን ነፊ ለየብቻው፣ ከዚያም አብረው ሲነፉ ቅዱ። አንድ ሥራ አንድ አድርጎ ለሚሰማ፣ አንድ ሥራ ለይቶ ለሚሰማ አዘጋጁ። የመጀመሪያው አዳማጭ ከመቀመጡ በፊት ምን እንደምትጠብቁ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ነፊዎቹንም በአዳማጭነት ብቻ አታስቀምጧቸው፤ ጥያቄውን ስትነድፉ አብረዋችሁ ይቀመጡ።